(ኤል) ነው ወይስ (ኤኪው)? የሁኔታ ምልክቶችን ሳይገምቱ መጻፍ

ባሕር ዳርም ሆነ ሞጣ፣ ደብረ ማርቆስም ሆነ ዳንግላ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪን የኬሚስትሪ ደብተር ገለጥ ብታደርጉ አንድ ዓይነት ስህተት አታጡም። እኩልታው ተመጣጥኗል፣ ፎርሙላው ልክ ነው፤ ከፎርሙላው ኋላ በቅንፍ የገባው ምልክት ግን በግምት የተቀመጠ ነው። ጠጣርና ጋዝ ላይ ብዙ ሰው አይሳሳትም። ጣጣው ያለው ዓይን ሁለቱንም «ፈሳሽ» ብሎ በሚያልፋቸው ምልክቶች ላይ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ መግባቢያ፦ መጽሐፋችሁ ላይ ምልክቶቹ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ነው የሚጻፉት። እኔ እዚህ በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ ለጠጣር (ኤስ)፣ ለፈሳሽ (ኤል)፣ ለጋዝ (ጂ)፣ ውሃ ውስጥ ለሟሟ ነገር (ኤኪው)። የመጨረሻው ባለ ሁለት ፊደል ነው። እናንተ ስትጽፉ በትልቅ ፊደል አትጻፉት፣ ቅንፉንም አትርሱ። ፎርሙላዎቹንም በስማቸው አስቀምጣቸዋለሁ፤ እያነበባችሁ በፎርሙላ ብትገለብጧቸው ጥሩ ልምምድ ይሆናችኋል።

አንድ፦ ዓይናችሁን ተዉና ጠርሙሱን ጠይቁ

ከፊታችሁ የሚፈስ ነገር ካለ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስሙ ከተጻፈው ነገር ሌላ ውሃ አለበት ወይ?» ነገሩ ብቻውን ሆኖ የሚፈስ ከሆነ (ኤል) ነው። ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ቅንጣቶቹ በውሃ ሞለኪውሎች ተከበው የተበተኑ ከሆነ (ኤኪው) ነው።

ከቤትና ከሰፈር እንጀምር። ልብስ የሚነጣበት በረኪና ሶድየም ሃይፖክሎራይት ውሃ ውስጥ የሟሟበት ነው፤ ስለዚህ ሶድየም ሃይፖክሎራይት (ኤኪው)። ሰላጣ ላይ የሚደረገው አቼቶ አሴቲክ አሲድ (ኤኪው) ነው። የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ሰልፈሪክ አሲድ (ኤኪው) ነው፤ ባትሪው ሲጎድል የሚጨመርለት የተጣራ ውሃ ግን ውሃ (ኤል) ነው። በድሮው የሕክምና ቴርሞሜትር ውስጥ የሚያብረቀርቀው ሜርኩሪ (ኤል) ነው፣ ውሃ የሚባል ነገር የለበትም። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፈሳሽ ሆነው የሚገኙት ንጥረ ነገሮች ሜርኩሪና ብሮሚን ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ፣ ከእነርሱ ሌላ ለብቻው የቆመ ንጥረ ነገር ላይ በተራ ሙቀት (ኤል) ከጻፋችሁ መለስ ብላችሁ እዩት።

ለፋኖስ የምንገዛው ነጭ ጋዝ ስሙ «ጋዝ» ሆኖ ፈሳሽ መሆኑ አንዳንዱን ያሳስተዋል። በስም አትፍረዱ።

ጠላ፣ ወተት፣ ማርስ? የሁኔታ ምልክት የሚለጠፈው የአንድ ነገር ፎርሙላ ላይ ነው። ጠላ ፎርሙላ የለውም፤ ብዙ ነገር የተደባለቀበት ነው። ስለዚህ «ጠላ (ኤል)» ብሎ መጻፍ ትርጉም የለውም። ጠላው ውስጥ ያለውን ለይታችሁ ከጠራችሁ ግን ይሠራል፤ ኢታኖል (ኤኪው)፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ኤኪው)፣ ውሃ (ኤል)። ጋኑ ሲፈላ የሚሆነውን እንዲህ መጻፍ ይቻላል፦

ግሉኮስ (ኤኪው) → 2 ኢታኖል (ኤኪው) + 2 ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ጂ)

ያው ኢታኖል ከላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ ንጹሕ ሆኖ በጠርሙስ ሲመጣ ኢታኖል (ኤል) ይሆናል። ነገሩ ያው ነው፣ ምልክቱ ግን ተለወጠ። ምልክቱ የነገሩ ቋሚ ስም ሳይሆን የዚያች ሰዓት አኗኗሩ ነው።

ሁለት፦ ውሃ ራሱ (ኤኪው) አይሆንም

ከሁሉም በላይ ነጥብ የሚያስጥለው ይህ ነው። ውሃ ቤት ሰጪ ነው፣ የሟሟው ነገር እንግዳ ነው፤ ባለቤት በገዛ ቤቱ እንግዳ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ውሃ በእኩልታ ግራም ይሁን ቀኝ፣ ሙቀቱ ተራ ከሆነ ውሃ (ኤል) ነው።

ሶድየም ውሃ ላይ ሲጣል፦

2 ሶድየም (ኤስ) + 2 ውሃ (ኤል) → 2 ሶድየም ሃይድሮክሳይድ (ኤኪው) + ሃይድሮጅን (ጂ)

ተማሪው እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ይሰናከላል። አንድም ሶድየም ሃይድሮክሳይድን (ኤስ) ይለዋል፤ ጠርሙስ ውስጥ ነጭ ጠጠር ሆኖ ስላየው። አንድም ውሃውን (ኤኪው) ያደርገዋል። ሶድየም ሃይድሮክሳይዱ የተወለደው ውሃ መሐል ነው፣ ውሃ ውስጥ ደግሞ በደንብ ይሟሟል፤ ታዲያ ጠጠር ሆኖ የሚወጣበት ምክንያት የለም።

አሲድና ቤዝ ሲገናኙም እንዲሁ፦

ሃይድሮክሎሪክ አሲድ (ኤኪው) + ሶድየም ሃይድሮክሳይድ (ኤኪው) → ሶድየም ክሎራይድ (ኤኪው) + ውሃ (ኤል)

«ሁሉም አንድ ቢከር ውስጥ ተቀላቅሎ ሳለ ውሃው ለምን ተለየ?» ይባላል። አዲስ የተፈጠረው ውሃ ከነባሩ ውሃ ጋር ተቀላቀለ፤ የቱ አዲስ የቱ ነባር እንደሆነ የሚለይ የለም። ውሃ ውሃ ውስጥ ሟሟ አይባልም።

ሦስት፦ መቅለጥና መሟሟትን ለዩ

በወሬ ላይ «ስኳሩ ሻዩ ውስጥ ቀለጠ» እንላለን፤ ማንም አይቀየመንም። በፈተና ወረቀት ላይ ግን ይህች ወሬ ዋጋ ታስከፍላለች። መቅለጥ በሙቀት ብቻ ነው፤ ውጤቱም (ኤል)። መሟሟት በውሃ ነው፤ ውጤቱ (ኤኪው)።

የወጥ ጨው ማለትም ሶድየም ክሎራይድ ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፤ የወጥ ቤት ምድጃ አያደርሰውም። ለመሟሟት ግን አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃዋል። ልዩነቱ የቃል ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፣ በሁለቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ስናሳልፍ የምናገኘውን ተመልከቱ። ከቀለጠው፦

2 ሶድየም ክሎራይድ (ኤል) → 2 ሶድየም (ኤል) + ክሎሪን (ጂ)

ከሟሟውና በደንብ ከጠገበው፦

2 ሶድየም ክሎራይድ (ኤኪው) + 2 ውሃ (ኤል) → 2 ሶድየም ሃይድሮክሳይድ (ኤኪው) + ሃይድሮጅን (ጂ) + ክሎሪን (ጂ)

ከአንዱ የሶድየም ብረት ይወጣል፤ ከሌላው ሃይድሮጅንና ሶድየም ሃይድሮክሳይድ። ጥያቄው ላይ «የቀለጠ» እና «የሟሟ» የሚሉትን ሳታዩ ካለፋችሁ መልሱ ሁሉ ይበላሻል። (የመጀመሪያው እኩልታ ላይ ሶድየሙ ለምን (ኤል) እንደሆነ አስቡበት፤ ሶድየም ገና በ98 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ እዚያ ያለው ሙቀት ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል።)

አራት፦ በኖራ ተለማመዱ

አራቱን ምልክቶች በአንድ ርካሽ ነገር ለማየት ከኖራ የሚሻል የለም፤ ለጎጃም ሰው ደግሞ ሩቅ አይደለም። በደጀን በኩል ወደ አባይ በረሃ የወረደ ሁሉ የኖራ ድንጋዩን ንጣፍ በዓይኑ አይቶታል። ድንጋዩ ካልስየም ካርቦኔት (ኤስ) ነው። በኃይለኛ እሳት፣ ወደ 900 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል፦

ካልስየም ካርቦኔት (ኤስ) → ካልስየም ኦክሳይድ (ኤስ) + ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ጂ)

የተቃጠለው ኖራ ውሃ ሲነካው ይፍለቀለቃል፤ ግድግዳ የሚቀባው ኖራ ይሆናል፦

ካልስየም ኦክሳይድ (ኤስ) + ውሃ (ኤል) → ካልስየም ሃይድሮክሳይድ (ኤስ)

ልብ በሉ፤ ውሃ ገብቶበትም ውጤቱ (ኤስ) ነው። ውሃው ተጠቀመበትና አለቀ፣ የሚያሟሟ ውሃ አልተረፈም። «ውሃ ካለ (ኤኪው)» ብሎ የሸመደደ ተማሪ እዚህ ይወድቃል። ሰማያዊው የኮፐር ሰልፌት ክሪስታልም እንደዚሁ ነው፤ በውስጡ ለእያንዳንዱ ኮፐር ሰልፌት አምስት የውሃ ሞለኪውል ይዞ ራሱ ግን (ኤስ) ነው።

አሁን ሙከራውን ሥሩ። ውሃ የነካው፣ የቀዘቀዘ የግድግዳ ኖራ ያስፈልጋል፤ ያልረጠበውን የተቃጠለ ኖራ አትንኩት፣ ያቃጥላል። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ አንድ ማንኪያ ኖራ ጨምሩ፣ ውሃ ሙሉበት፣ ክዳኑን ዘግታችሁ በደንብ ነቅንቁና ሌሊቱን አሳድሩት። ዓይናችሁን ጠብቁ፤ የኖራ ውሃ ዓይንን ይጎዳል።

ጠዋት ላይ ከታች ነጭ አተላ፣ ከላይ እንደ ምንም የጠራ ውሃ ታገኛላችሁ። ካልስየም ሃይድሮክሳይድ በአንድ ሊትር ውሃ የሚሟሟው 1.7 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በግማሽ ሊትራችሁ ውስጥ የገባው ከአንድ ግራም በታች ነው። ከታች የቀረው ካልስየም ሃይድሮክሳይድ (ኤስ)፣ ከላይ ያለው ካልስየም ሃይድሮክሳይድ (ኤኪው)፤ አንድ ነገር፣ አንድ ጠርሙስ፣ ሁለት ምልክት። ስትነቀንቁት የደፈረሰው ሁሉ ሟሟ ማለት አይደለም። የሟሟ ነገር አያደፈርስም፣ አሳድረውት አይዘቅጥም። ቀለም ሊኖረው ይችላል፣ ግን ብርሃን ያሳልፋል። ይህችን ምልክት ያዙልኝ፤ ሌላ መሣሪያ በሌለበት ክፍል ውስጥ (ኤስ)ንና (ኤኪው)ን የምትለዩባት እርሷ ናት።

የጠራውን ቀስ ብላችሁ ወደ ብርጭቆ ገልብጡና በስትሮ ትንፋሻችሁን እፍ በሉበት። እፍ ነው የምትሉት፣ አትማጉት። ትንሽ ቆይቶ ውሃው እንደ ወተት ይነጣል፦

ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ጂ) + ካልስየም ሃይድሮክሳይድ (ኤኪው) → ካልስየም ካርቦኔት (ኤስ) + ውሃ (ኤል)

አራቱም ምልክቶች በአንድ መስመር። ትንፋሽ ሳይሰለቻችሁ ከቀጠላችሁ ደግሞ ንጣቱ መልሶ ይጠፋል፦

ካልስየም ካርቦኔት (ኤስ) + ውሃ (ኤል) + ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ጂ) → ካልስየም ሃይድሮጅን ካርቦኔት (ኤኪው)

የመጨረሻው ሲፈላ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በአንዳንድ አካባቢ የማንቆርቆሪያ ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ከዚህ የመጣ ነው።

ኖራውን ሳልለቅ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምልክቱ ለገበሬውም ይሠራልና። በእንጅባራና በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለው ደጋ አፈሩ አሲዳማ በመሆኑ የታወቀ ነው፤ ገብስና ስንዴው ይቀጭጫል፣ መፍትሔ ተብሎ የሚበተነውም የተፈጨ ኖራ ነው። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ከአፈሩ ማዕድን እየተፈታ አሉሚኒየም አዮን (ኤኪው) ይሆናል፤ አዮን ማለት የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት ነው። ሥርን የሚጎዳው ይሄ የሟሟው ነው። ኖራ ሲበተን፦

ካልስየም ካርቦኔት (ኤስ) + 2 ሃይድሮጅን አዮን (ኤኪው) → ካልስየም አዮን (ኤኪው) + ውሃ (ኤል) + ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ጂ)

አሲዱ ሲቀንስ አሉሚኒየሙ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ (ኤስ) ሆኖ ይቀመጣል። ከማሳው የወጣ አሉሚኒየም የለም፤ የተለወጠው ከፎርሙላው ኋላ የሚጻፈው ቅንፍ ነው፣ ሥሩም ጠጣሩን አይጠጣውም። የሚበተነው ኖራ ልሞ መፈጨት ያለበትም ለዚህ ነው፤ ካልስየም ካርቦኔት በውሃ ሟሟ የማይባል (ኤስ) ስለሆነ አሲዱ የሚያገኘው ከላይ ከላዩ ብቻ ነው፣ በደቀቀ ቁጥር የሚነካው ገጽ ይበዛል።

አምስት፦ ይሟሟል ወይስ ይዘቅጣል?

ሁለት (ኤኪው) ተገናኝተው (ኤስ) የሚወልዱበትን ጊዜ ለማወቅ ትንሽ መሸምደድ ግድ ነው፤ አቋራጭ የለውም። የሶድየም፣ የፖታስየምና የአሞኒየም ጨዎች፣ ናይትሬት የሆነ ሁሉም፤ እነዚህን ያለ ስጋት (ኤኪው) በሏቸው። ክሎራይዶች ይሟሟሉ፣ የብርና የእርሳስ ሲቀር። ሰልፌቶች ይሟሟሉ፣ የባሪየምና የእርሳስ ሲቀር፤ የካልስየሙ በጥቂቱ ብቻ። ካርቦኔትና ሃይድሮክሳይድ በተቃራኒው አብዛኛው አይሟሟም፤ መጀመሪያ የጠራኋቸው ሦስቱ ግን እዚህም ነጻ ናቸው።

ስድስት፦ ስማቸው አንድ ሆኖ የሚያሳስቱ

ሃይድሮጅን ክሎራይድ በተራ ሙቀት ብቻውን ጋዝ ነው፣ (ጂ)። ውሃ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ (ኤኪው) እንለዋለን፤ ጠርሙሱ ላይ «የተከማቸ» ቢልም ወደ 37 በመቶ ገደማ እንጂ የቀረው ውሃ ነውና ያው (ኤኪው) ነው። ሰልፈሪክ አሲድ ግን ሌላ ነው፤ 98 በመቶ የሆነው በተለምዶ (ኤል) ተብሎ ይጻፋል፣ የቀጠነው (ኤኪው)። አሞንያ ሦስቱንም ይሆናል፤ ብቻውን (ጂ)፣ ውሃ ውስጥ (ኤኪው)፣ ከ33 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ (ኤል)። ጥያቄው «የአሞንያ ሶሉሽን» ካለ (ኤኪው) ነው፤ «ፈሳሽ አሞንያ» ካለ ውሃ የለበትም።

ቁስል ላይ የሚቀባው የአዮዲን ቲንክቸርስ? አዮዲኑ የሟሟው በዋናነት አልኮል ውስጥ ነው። (ኤኪው) የውሃ ብቻ ምልክት ስለሆነ፣ አልኮል ወይም ቤንዚን ውስጥ የሟሟን ነገር (ኤኪው) አትበሉት፤ በምን እንደሟሟ በቃል ጻፉ።

ሰባት፦ ሙቀቱንና ቦታውን ተመልከቱ

ጥያቄው ሙቀት ካልነገራችሁ 25 ዲግሪና አንድ አትሞስፌር ግፊት ውሰዱ። ይህ የመጽሐፍ ስምምነት ነው፤ የእኛ ደጋ አይደለም። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከ2400 ሜትር በላይ ያለችው ደብረ ማርቆስ ደግሞ በ92 አካባቢ። ስለዚህ በ93 ዲግሪ ጣና ዳር ውሃ (ኤል) ሲሆን ደብረ ማርቆስ ላይ ፈልቶ (ጂ) መሆን ነበረበት። ፈታኝ ይህን አይጠይቃችሁም፤ እኔ ግን ምልክቱ ያለ ሙቀትና ግፊት ሙሉ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለኝም።

በስሌት ውስጥ ግን ፈታኝ በርግጥ ይጠይቃል። አንድ ሞል ውሃ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን ሲሠራ ውጤቱ ውሃ (ኤል) ከሆነ የሚወጣው 285.8 ኪሎ ጁል ነው፤ ውሃ (ጂ) ከሆነ 241.8። የ44 ኪሎ ጁል ልዩነት በአንዲት ፊደል ውስጥ ተደብቋል፤ ከሠንጠረዡ የትኛውን ቁጥር እንደምታነሱ የምትነግራችሁ እርሷ ናት።

ስምንት፦ ወደ አዮን ስትከፍሉ

የተጣራ የአዮን እኩልታ፣ ማለትም በለውጡ የሚሳተፉት ብቻ የቀሩበትን፣ ጻፉ ስትባሉ መከፈል የሚችለው (ኤኪው) ያለበት ብቻ ነው። (ኤስ)፣ (ኤል)፣ (ጂ) ያለበትን እንዳለ ተዉት። ነገር ግን (ኤኪው) ሁሉ ይከፈላል ማለት አይደለም። ዩሪያ ማዳበሪያን ውሃ ውስጥ ብትጨምሩት ይሟሟል፣ ውሃውም ለእጅ ይቀዘቅዛል፤ ዩሪያ (ኤኪው) ሆነ እንጂ ሞለኪውሉ አልተከፈለም። ስኳርና ኢታኖልም እንዲሁ። የአቼቶው አሴቲክ አሲድ በጥቂቱ ብቻ ስለሚከፈል ሳይከፈል ይጻፋል። የሚከፈሉት ጠንካራ አሲዶች፣ ጠንካራ ቤዞችና የሚሟሙ ጨዎች ናቸው። የላይኛው የአሲድና የቤዝ እኩልታ ሲጣራ የሚቀረው ይህ ነው፦

ሃይድሮጅን አዮን (ኤኪው) + ሃይድሮክሳይድ አዮን (ኤኪው) → ውሃ (ኤል)

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከሆናችሁ ምልክቱ አንድ ሥራ ይጨምርላችኋል፤ በሚዛን ቋሚ (ወደፊትም ወደ ኋላም የሚሄድ ለውጥ የት ላይ እንደሚረጋ በሚነግረው ቁጥር) ውስጥ የሚገቡት (ኤኪው) እና (ጂ) ናቸው፣ (ኤስ)ና ንጹሕ (ኤል) አይገቡም። አንድ ሊትር ውሃ 55.5 ሞል ገደማ ስለሆነ ከሟሟው ነገር ጋር ሲተያይ መጠኑ የተለወጠ አይመስልም፤ ከቀመሩ የሚወጣው በዚህ ነው።

ለመለማመጃ

መልሱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ሞክሩ።

የመኪና ባትሪ ኃይል ሲሰጥ፦ እርሳስ + እርሳስ ዳይኦክሳይድ + 2 ሰልፈሪክ አሲድ → 2 እርሳስ ሰልፌት + 2 ውሃ። መልስ፦ (ኤስ)፣ (ኤስ)፣ (ኤኪው)፣ (ኤስ)፣ (ኤል)። እርሳስ ሰልፌትን (ኤኪው) ያለ ወደ አምስተኛው ይመለስ።

ባሪየም ክሎራይድ ሶሉሽን ከሶድየም ሰልፌት ሶሉሽን ጋር ሲገናኝ። መልስ፦ ሁለቱም (ኤኪው)፤ የሚወጣው ባሪየም ሰልፌት (ኤስ) እና 2 ሶድየም ክሎራይድ (ኤኪው)። ባሪየም አዮን (ኤኪው) መርዝ ነው፤ ባሪየም ሰልፌት (ኤስ) ግን ሆድ ለኤክስሬይ ሲነሣ ታማሚው የሚጠጣው ነው፣ ስለማይሟሟ ወደ ደም አይገባም።

ንጹሕ ኢታኖል ሲነድ፣ በ25 ዲግሪ ሲለካ፦ ኢታኖል + 3 ኦክስጅን → 2 ካርቦን ዳይኦክሳይድ + 3 ውሃ። መልስ፦ (ኤል)፣ (ጂ)፣ (ጂ)፣ (ኤል)። «እሳት ላይ ውሃው እንፋሎት ነው» ብሎ የሚከራከር ካለ ልክ ነው፤ ጥያቄው ግን 25 ዲግሪ ብሏል።